የደረቀችውን ረግረግ ውሃዋን መመለስ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ይሄን የምጽፈው ስራው እየሄደ እያለ ነው፣ ስለዚህ ወጥ አይሆንም፣ ብዙ ነገር ያየንበት ቀን ይረዝማል፣ ጭቃ ስናመላልስ የዋልንበት ቀን ደግሞ ሁለት መስመር ነው። ስራው ምንድነው፣ ከተዳፋት ስር ያለች አንድ ረግረግ አለች፣ ከአመታት በፊት "ባዶ መሬት ነው" ተብሎ ለእርሻ እንድትሆን መሀል ለመሀል ቦይ ተቆፈረባት፣ ውሃዋ ወጣ፣ እርሻው ጥቂት ጊዜ አምርቶ አፈሩ ሲደክም ተተወ፣ ቦዩ ግን ይኸው እስካሁን ቀንም ሌትም ውሃዋን እያወጣ ነው። እኛ ቦዩን ዘግተን ውሃው መሬቷ ላይ ተመልሶ እንዲቀመጥ ነው የምንሰራው። ኩሬ ቁፋሮ አይደለም፣ የመዝናኛ ቦታ ማስዋብም አይደለም።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልበል። ረግረግ ለሰው የሚሰጠው ጥቅም ሲዘረዘር በጣም ብዙ ነው ግን ሁሉም ማለት ይቻላል የሚመጣው ውሃን ከማዘግየት ነው። ጎርፍን የሚያበርደው ስለሚያዘገይ ነው፣ ድፍርሱን የሚያጠራው ስለሚያዘገይ ነው፣ ከታች ያለው ምንጭ ዝናብ በሌለበት ወር የሚፈሰውም ስለሚያዘገይ ነው። ስለዚህ በቲሙ ውስጥ ክርክር በተነሳ ቁጥር የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፣ ይሄ ነገር ውሃውን ያዘገየዋል ወይስ ያፈጥነዋል?

ሰኞ፣ መሬቷን ማየት

ከሩቅ ስታያት ተራ የግጦሽ መሬት ነው የምትመስለው፣ ላይዋ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ቄጠማ ያለው ቦዩ ዳር ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ የደረቅ መሬት ሳርና አረም ወርሶታል። ግን አፈሩ አይዋሽም። በእጅ የሚዞረውን የአፈር መሰርሰሪያ ይዘን ከዳር ወደ መሀል እያልን ሰረሰርን፣ የወጣውን አፈር በቅደም ተከተል ላስቲክ ላይ ዘረጋነው። ላይኛው ቡናማና ፍርክስክስ ያለ ነው፣ ከስሩ ጥቁር፣ ከዛ ወረድ ሲል አመድማ ሰማያዊ የሚመስል ሸክላ አፈር መጣ፣ እሱ ላይ ደግሞ ቀጫጭን የዝገት ቀለም ያላቸው መስመሮች ይታያሉ። ይሄ ዝም ብሎ ቀለም እንዳይመስላችሁ። አመድማው ቀለም የሚመጣው አፈሩ ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ኦክስጅን ሲያጣና ያለው ብረት ሲሟሟ ነው፣ የዝገት መስመሮቹ ደግሞ የድሮ የቄጠማና የፊላ ስሮች የነበሩበት ነው፣ ምክንያቱም እነዚህ እጽዋት ግንዳቸው ውስጥ ክፍት የአየር መተላለፊያ አላቸው፣ አየር ከቅጠል ወደ ስር ያወርዳሉ፣ በስሩ ዙሪያ ብረቱ ይዝጋል። እጽዋቱ ከጠፋ ስንት ጊዜው፣ የስሩ ቦታ ግን እዛው አለ። ጥልቅ ካለው ጉድጓድ የወጣውን ጭቃ አፍንጫህ ጋ ስታስጠጋው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ እሱም ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚያወጡት የሰልፈር ጋዝ ነው። እኔ ደስ አለኝ፣ ከስር ገና እርጥብ ናት ማለት ነው፣ አልሞተችም።

ሌላ ያየነው፣ የድሮ አጥር ቋሚ እንጨቶች ሲተከሉ ከነበሩበት ወጣ ብለው ይታያሉ፣ እንጨቱ አልተነሳም፣ መሬቱ ነው የወረደው። ጥቁሩ አፈር ውሃ ውስጥ ስለነበረ ሳይበሰብስ የተጠራቀመ የእጽዋት ቅሪት ነው፣ ውሃው ሲወጣ አየር ይገባበታል፣ ይበሰብሳል፣ ካርቦኑ ወደ አየር ይሄዳል፣ መሬቱም ይሰምጣል። በእንግሊዝ ሆልም ፌን የሚባል ቦታ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ) መጀመሪያ አካባቢ ረግረጉ ሲደርቅ አናቱ ከመሬት እኩል ሆኖ የተቀበረ የብረት ምሰሶ አለ፣ ዛሬ 4 ሜትር ያህሉ ከመሬት በላይ ቆሟል። እንዲህ አይነት የእጽዋት ቅሪት የተጠራቀመበት ረግረግ ከአለም የብስ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ ግን በአፈር ውስጥ ካለው ካርቦን ወደ 30 በመቶው የተቀመጠው እሱ ውስጥ ነው። የኛዋ በውፍረት ከነሱ ጋር አትወዳደርም፣ ያለችውን ማዳን ግን ይቻላል።

እሮብ፣ የሚጠቀሙባትን ሰዎች ማናገር

ይሄን ሳንጨርስ አካፋ አላነሳንም። ረግረግን መጠበቅ ማለት አጥሮ ሰው ማባረር የሚመስላቸው አሉ፣ እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። እዚች መሬት ላይ ከብት የሚያግዱ፣ ከታች ካለው ምንጭ የሚቀዱ፣ ከቦዩ ዳር ቄጠማ የሚያጭዱ ሰዎች አሉ፣ እነሱ ካልተስማሙበት የዘጋነው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይከፈታል፣ ደግሞም እውነት አላቸው።

አንድ ትልቅ ሰው ከብት የሚያግዱ፣ "አባባ ቦዩን ብንዘጋው ምን ይጎዳዎታል?" ስንላቸው ወዲያው አልመለሱልንም፣ መሬቱን እያሳዩን ሄዱ። "ልጄ፣ እዚህ ድረስ ውሃ ቢመጣ ግድ የለኝም፣ ሳሩ ይለመልማል፣ ከዚህ ካለፈ ግን ላሞቹ ይሰምጡብኛል" አሉና በዱላቸው መስመር አሰመሩልን። ያቺን መስመር ችካል ተክለን በጂፒኤስ ያዝናት፣ ቦዩን የምንዘጋባቸውን ክትሮች (ትናንሽ የአፈር ግድቦች) ከፍታ ስናሰላ ዋና መነሻችን እሷ ሆነች። ከምንጩ የሚቀዱት እናቶች ደግሞ ያነሱት ሌላ ነው፣ ድሮ ምንጩ አመቱን ሙሉ ይፈስ እንደነበርና ቦዩ ከተቆፈረ ወዲህ በደረቅ ወር ጠብታ እንደሚሆን፣ ውሃ ለመቅዳት ወረፋ ሲጠብቁ እንደሚያመሹ ነገሩን። አንዷ ያሉኝ ከጆሮዬ አይጠፋም፣ "ውሃው በዝናብ ጊዜ ሁሉንም ጥሎን ይሄዳል፣ ስንፈልገው የለም።" የሃይድሮሎጂ (የውሃ ሳይንስ) ትምህርት ሁሉ በዚህች አረፍተ ነገር ውስጥ አለ።

የተስማማነው፣ ግጦሹ ይቀጥላል ግን መሬቱ በጣም በሚርስበት ጊዜ ከብት መሀል አይገባም፣ ቄጠማ አጨዳ በፈረቃ ይሆናል፣ አንዱ ክፍል ሲታጨድ ሌላው ያርፋል። በጽሁፍ አደረግነው፣ ለሁሉም ጮክ ተብሎ ተነበበ።

አርብ፣ መለኪያ ቱቦዎች

ቦዩን ከመዝጋታችን በፊት ያለውን ውሃ መለካት አለብን፣ አለበለዚያ በኋላ "ተሻሻለ" ብንል ማን ያምነናል። መለኪያው ቀላል ነው፣ ፒቪሲ ቱቦ ትወስዳለህ፣ ጎኑን በመሰርሰሪያ ትበሳሳዋለህ፣ ደለል እንዳይገባ በስስ ጨርቅ ትጠቀልለዋለህ፣ ከስር ትደፍነዋለህ፣ በሰረሰርከው ጉድጓድ ውስጥ ታቆመውና ዙሪያውን አሸዋ ትሞላለህ፣ ከላይ ክዳን። የከርሰ ምድር ውሃው በቱቦው ውስጥ ከውጪ ካለው እኩል ይቆማል፣ አንተ ሜትር ታስገባና ታነባለህ። ከቦዩ አጠገብ ጀምሮ እየራቅን በመስመር ተከልናቸው። ቦዩ አጠገብ ያለው ውሃ ክንድ ከምናምን ወርዶ ነው የተገኘው፣ ከቦዩ ስትርቅ እየቀረበ ይመጣል፣ ይሄ ቦዩ ምን ያህል ርቀት ድረስ እንደሚያደርቅ ቁልጭ አድርጎ አሳየን። ምንጩ ጋ ደግሞ 20 ሊትር ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በስልክ ሰአት እንይዛለን። መዝገቡን የምትይዘው እዛው ምንጭ የምትቀዳ ተማሪ ናት፣ ከሁላችንም ይልቅ እሷ ናት የማትረሳው።

ቦዩን የመዝጋት ሳምንት

ጭቃ ብቻ። ግን እንዴት እንደሚዘጋ ልጻፈው ምክንያቱም ብዙ ሰው ቦዩ አንድ ቦታ ላይ፣ መውጫው ጋ ቢደፈን የሚበቃ ይመስለዋል። አይበቃም። ከታች ብቻ ከደፈንክ የውሃው ክብደት ሁሉ እዛች አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፣ ከላይ ያለው ቦይ ደግሞ ማድረቁን ይቀጥላል። ስለዚህ በየመሀሉ ብዙ ክትር ነው የሚሰራው፣ የታችኛው ክትር ሲሞላ የሚተኛው ውሃ የላይኛውን ክትር እግር እንዲነካ ተደርጎ፣ ልክ እንደ ደረጃ። ተዳፋቱ ሲጨምር ክትሮቹ ይቀራረባሉ። የከፍታ ልዩነቱን የወሰድነው ውሃ በተሞላ ላስቲክ ቱቦ ነው፣ ሁለቱን ጫፍ ይዘህ የውሃውን ልክ ታያለህ፣ ውድ መሳሪያ አያስፈልግም።

ማቴሪያሉ እዛው ያለው ሸክላ አፈር ነው፣ ቦዩ ሲቆፈር ዳር ላይ የተከመረው። መጀመሪያ የቦዩ ታችና ጎን ላይ ያለው ልል ደለልና ስር ተጠርጎ ይወጣል፣ ካልወጣ ውሃ በሱ ስር ሾልኮ ይሄዳል። ከዛ ሸክላው በስስ በስሱ እየተነጠፈ በእግርና በእንጨት ይደቀደቃል፣ ደረቅ ከሆነ ውሃ ይርከፈከፍበታል። ክትሩ ከቦዩ ወርድ አልፎ ወደ ሁለቱም ዳር ገባ ይላል ምክንያቱም ውሃ ሁሌም ጎን ጎኑን ነው የሚፈልገው። አናቱ ከቦዩ አፍ 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ አፈሩ በኋላ ስለሚቀመጥ። በመጨረሻ ላዩ በሳር ቁራጭ ይለበሳል፣ ሳሩ ስር እስኪይዝ ድረስ ከብት አይረግጠውም። የውሃው ትርፍ በክትሩ አናት ሳይሆን ወደ ረግረጉ ሜዳ በሰፊው ተበትኖ እንዲሄድ ነው የምንፈልገው፣ ዋናው ሚስጥር እሱ ነው፣ በአንድ መስመር የሚሄድ ውሃ ይሸረሽራል፣ የተበተነ ውሃ ይሰርጋል።

አንድ ቀላል የሚመስል ግን ዋና ነገር፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ማንኛውም መሳሪያና ቦት ጫማ ታጥቦ ነው የሚገባው። እምቦጭ ከትንሽ ቁራጭ ተነስቶ ይበቅላል፣ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ አንዴ ከገባ ማውጣቱ የትውልድ ስራ ነው።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ

ሌሊቱን ዘነበ፣ ጠዋት ሁላችንም እዛ ነበርን። ከተዳፋቱ የወረደው ቡናማ ጎርፍ እንደድሮው ቦዩን ይዞ ሊሮጥ ሲል የመጀመሪያው ክትር ላይ ቆመ፣ ከዛ ቀስ ብሎ ወደ ግራና ቀኝ ወጣ፣ ሳሩ ውስጥ ለውስጥ ገባ፣ ታች ላይ ስንሄድ ምንጩ አጠገብ ያለው መንገድ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ሲዘንብ የሚቆረጠው፣ አልተቆረጠም። አንደኛው ክትር በግራ ዳሩ ትንሽ መሸርሸር ጀምሮ ነበር፣ እዛው በዝናቡ ሸክላ በጆንያ ሞልተን ዳሩን አራዘምነው፣ ያዘ።

እስቲ ሂሳቡን እዩት፣ 1 ሄክታር ላይ 10 ሳንቲሜትር ውሃ ቢተኛ 1,000 ሜትር ኩብ ነው፣ ማለትም 1 ሚሊዮን ሊትር። ይሄ ሁሉ ውሃ በአንድ ሰአት ታች ያለ ቤት ላይ ከመድረስ ይልቅ በቀናት ተከፋፍሎ ሲወርድ ልዩነቱ ስንት ንብረት፣ አንዳንዴም የሰው ህይወት ነው። ይሄ የኛ ሀሳብ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ቻርልስ ወንዝ ላይ የጦር ሰራዊቱ የመሀንዲሶች ኮር ለጎርፍ መከላከያ ትልቅ ግድብ ከመስራት ይልቅ ከላይ ያሉትን ረግረጎች፣ ወደ 3,200 ሄክታር፣ ገዝቶ ወይም በህግ አስጠብቆ እንዳይነኩ አደረገ፣ ስራው በ1983 (እ.ኤ.አ) አለቀ። ተፈጥሮ ወዳዶች አይደለም ይሄን የወሰኑት፣ ሙያቸው ግድብ የሆነ መሀንዲሶች ናቸው።

የጠርሙሱ ሙከራ

ለሰው ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ሁለት አንድ አይነት ጥርት ያሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች፣ አንዱ ውሃው ወደ ረግረጉ ከሚገባበት፣ አንዱ ከሚወጣበት፣ በአንድ ሰአት የተቀዱ። ከጀርባቸው ጥቁር መስመሮች የተሰመሩበት ወረቀት ይደረጋል። በመግቢያው ጠርሙስ መስመሩ ጭራሽ አይታይም፣ በመውጫው ደብዘዝ ብሎ ይቆጠራል። ጠርሙሶቹን ሳይነቀነቁ ስታቆያቸው በመግቢያው ጠርሙስ ታች ላይ ጣት የሚያህል ደለል ይተኛል፣ ያ ደለል ነው ካላዘገየኸው ግድብ ውስጥና ሀይቅ ውስጥ ገብቶ የሚሞላው።

በአይን የማይታየውም አለ። ከማሳ ታጥቦ የሚመጣው ማዳበሪያ ውስጥ ናይትሬት አለ፣ ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ ናይትሬቱን ይጠቀሙና ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ቀይረው ወደ አየር ይመልሱታል። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ሌላው ንጥረ ነገር፣ ፎስፈረስ፣ ግን እንደዛ አይተንም፣ ደለሉ ላይ ተጣብቆ እዛው ይቀራል፣ ስለዚህ "ረግረግ ያጣራል" ተብሎ የፍሳሽ ቱቦ ሁሉ ወደሱ ማዞር ልክ አይደለም፣ የመሸከም ልኩ ካለፈ እሱ ራሱ ይታመማል። በህንድ ኮልካታ ምስራቅ በኩል ያሉት ረግረጎች የከተማዋን ፍሳሽ በጥልቀት አነስ ባሉ ኩሬዎች እያዘገዩ፣ ፀሀይና አልጌ እየሰራበት፣ አሳ ይመረትባቸዋል፣ ግን እዛ ውሃውን በየደረጃው የሚያስተዳድሩ ልምድ ያላቸው አሳ አርቢዎች አሉ። ያለ ሰው አይሆንም።

ስለ ትንኝ

ይሄ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም ነበር፣ መጣም። "ውሃ አቁማችሁ ወባ ልታመጡብን ነው" ያሉ ሰዎች ስጋታቸው የልጆቻቸው ጤና ነው፣ ቀለል አድርጎ ማለፍ አይገባም። እኛም መረብ ይዘን ውሃውን ማየት ጀመርን። የትንኝ እጭ ያገኘነው በአብዛኛው የከብት ኮቴ በሰራቸው ትናንሽ ጉድጓዶች ውስጥ ነው፣ ምንም ሌላ ነፍሳት በሌለበት። ሰፊው ውሃ ውስጥ ግን የውሃ ተርብ እጭ አገኘን፣ ነጭ ሰሀን ላይ አስቀምጠን ከትንኝ እጭ ጋር ስናገናኘው የታችኛውን ከንፈሩን እንደ ክንድ ወርውሮ ያዘው፣ አይን እስኪያሳስት ፈጣን ነው፣ ልጆቹ ደጋግመው አሳዩን አሉ። ይሄ ማለት ግን ረግረግ ባለበት ትንኝ አይኖርም ማለት አይደለም። በቤት አቅራቢያ ያሉትን የኮቴ ጉድጓዶችና የቆሙ ውሃዎች መድፈን፣ በአጎበር መተኛት፣ ሁሉም ይቀጥላል፣ የጤና ባለሙያዎችም በክትትሉ እንዲገቡ ጠይቀናል። አሳ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መጨመር የሚለውን ሀሳብ ግን አልተቀበልነውም፣ ለትንኝ ተብሎ በየአለሙ የተበተነው ጋምቡዚያ የሚባለው አሳ የእንቁራሪት እንቁላልና የአገሬውን አሳ ጫጩት ጭምር እንደሚበላ ይታወቃል።

ችግኝ ላምጣላችሁ ስላሉን

በጎ ፈቃደኞች መጥተው እዚህ ችግኝ እንትከል አሉ፣ ልባቸው ጥሩ ነው፣ ግን አይሆንም አልን፣ ይሄንን በደንብ ልናገር። ዛፍ ሁሉ ቦታ ጥሩ አይደለም። ክፍት የሆነ ቄጠማማ ረግረግ ላይ ውሃ የሚመጥ ፈጣን ዛፍ ስትተክል ቦዩ በምድር የሚሰራውን ስራ በቅጠል በኩል እንዲሰራ አደረግክ ማለት ነው። ችግኙን ከላይ ተዳፋቱ ላይ፣ አፈሩ የተራቆተበት ጋ እንዲተክሉት አሳየናቸው፣ እዛ ሲሆን ለረግረጉም ደለል ይቀንስለታል፣ በደስታ ተከሉ።

ረግረጉ ውስጥማ መትከል ብዙም አላስፈለገን። ጭቃ ውስጥ የተቀበረ የቄጠማ ዘር ለአመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ውሃውን ሲያገኝ ይነሳል። ትልቁ ምስክር የኢራቅ ሜሶጶጣሚያ ረግረጎች ናቸው፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ) መንግስት ሆን ብሎ አደረቃቸው፣ ወደ 90 በመቶው ጠፋ፣ ነዋሪዎቹ ተሰደዱ፣ በ2003 (እ.ኤ.አ) ሰዎቹ ራሳቸው ግድቦቹን ሰባብረው ውሃውን መለሱት፣ በብዙ ቦታ ሸምበቆው ተመልሶ በቀለ። ሁሉም አልተመለሰም፣ ጨዋማ የሆነው አፈርና ከወንዞቹ ላይኛ ክፍል በግድብ ተይዞ የሚቀረው ውሃ እስካሁን ይጎዳቸዋል። ካልደረቀ መጠበቁ ከደረቀ በኋላ ከመመለስ ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው፣ በ1970 እና በ2015 (እ.ኤ.አ) መሀል አለም 35 በመቶ ያህል ረግረጎቿን አጥታለች፣ ከደን በሶስት እጥፍ ፍጥነት። ረግረጎችን ለመጠበቅ አገሮች የገቡት የራምሳር ስምምነት የተፈረመው በ1971 (እ.ኤ.አ) ኢራን ውስጥ ነው፣ አብዛኛው የጠፋው እንግዲህ ስምምነቱ እያለ ነው።

አሁን ያለንበት

ቱቦዎቹ ላይ ውሃው ወደ ላይ መጥቷል፣ ቦዩ አጠገብ ክንድ የነበረው አሁን ስንዝር አይሞላም። መሀሉ ላይ ቄጠማ ብቅ ብቅ ብሏል፣ የደረቅ መሬት አረሙ ስሩ ታፍኖ እየረገፈ ነው። ሽመላ መምጣት ጀምራለች። አባባ ያሰመሩት መስመር ድረስ ውሃው ደርሷል ግን አላለፈም፣ ራሳቸው በየጠዋቱ ችካሉን ያያሉ።

ምንጩ ተሻሻለ ብዬ ግን አሁን አልጽፍም፣ ዝናብ እያለ የሚሞላ ባልዲ ማስረጃ አይሆንም። ደረቁ ወር ሲመጣ፣ ወረፋው በሚረዝምበት ጊዜ ተለክቶ ካለፈው መዝገብ ጋር ሲወዳደር ነው የሚታወቀው። እስከዛ የቀረን ስራ፣ በግራ በኩል ያራዘምነውን ክትር በሳር ማልበስ፣ ከላይ ካሉት ባለማሳዎች ጋር ከረግረጉ ዳር ያልታረሰ የሳር መቀነት እንዲተዉልን ተነጋግሮ መጨረስ (ሁለቱ እሺ ብለዋል፣ አንዱ ምርቴ ይቀንስብኛል ብሎ ገና ነው፣ ከመቀነቱ የሚታጨደው ሳር የሱ እንዲሆን ሀሳብ አቅርበናል)፣ እና የቄጠማውን ፈረቃ የመጀመሪያ አጨዳ ማስጀመር።